ጣና ዳር ላደጉ ሰው ደግሞ ሐይቅ?

ባለፈው እሑድ ዙሪክ፣ አንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ነን። እናቷ ከባሕር ዳር መጥተዋል። የት እናዙራቸው የሚለው ወሬ ተነሣ።

«ሉሰርን ሐይቅ ላይ በመርከብ» አለች ልጅ።

አንዱ ሳቀ። «ጣና እኮ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ 114። ኩሬ ልታሳያቸው ነው?»

«ስፋቱን ተወው። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። ይሄኛው 214 ይወርዳል። ተራራው ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ነው የሚገባው» አለችው።

ሌላውን ያንገበገበው ገንዘቡ ነው። «ከሉሰርን ከተማ እስከ ሐይቁ ሌላ ጫፍ፣ ፍሉለን፣ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመርከብ ወደ ሦስት ሰዓት። ለመዘግየትም ይከፈላል?»

እዚህ ላይ ዝም ብሎ የቆየው ገባ። ድሮ ምርጫ አልነበረም አለ። እ.ኤ.አ. በ1865 ገደሉን ጠርበው አክሰንሽትራሰ የሚባለውን መንገድ እስኪሠሩ ድረስ ከብሩነን እስከ ፍሉለን በሐይቁ ዳር የጋሪ መንገድ የለም። ወደ ጎታርድ፣ ወደ ጣሊያን ወደሚያሻግረው የአልፕስ ተራራ መተላለፊያ፣ የሚሄድ ሁሉ በውሃ ነው የሚጓዘው። «መንገዱ ራሱ ሐይቁ ነበር» አለ።

ያኔ እናትየው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እኛ ጀልባ የምንሳፈረው ገዳም ለመሳለም ነው። ይሄስ ወዴት ያደርሳል?»

ማንም አልመለሰላቸውም። ለኔ ግን ከሁሉም የበለጠው ጥያቄ እሱ ነው። ዞሮ ዞሮ ወደተነሣበት የሚመለሰውን የቱሪስት ጉዞ ተዉት። ሰዓት ጠብቆ ከወደብ ወደብ የሚሄደውን መደበኛ መርከብ ያዙ። ከሉሰርን አንድ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ሐይቁ ዳር ያለችው መንደር ፊትስናው ላይ ውረዱ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1871 የተከፈተው፣ በአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር፣ በጥርሳም ሐዲዱ ሪጊ ተራራ ላይ ያወጣችኋል።

የባቡሩ ወገን ያለውም ከንቱ አይደለም። ፍሉለን ድረስ ከዘለቃችሁ ሲመለሱ በባቡር ነው፤ ያንኑ ውሃ ደርሶ መልስ ማየት ይሰለቻል።

በጋ ከሆነ ከአምስቱ አሮጌ የእንፋሎት መርከቦች አንዱን ጠብቁ። ትልቋ እኅታቸው «ኡሪ» የ1901 ናት። አንደኛ ማዕረግ ግን አትክፈሉ። እሱ ፎቅ ላይ ነው፤ ሞተሩ ያለው ታች ነው። ክፍት ስለሆነ የብረት ክንዶቹ ሲወጡ ሲወርዱ፣ የጎኑን መንኮራኩር ሲያዞሩ ቆማችሁ ታያላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ እሱ ላይ ፈዝዤ ተራራውን ረስቼዋለሁ።

እናትየው ታዲያ ጋቢያቸውን ይያዙ። ከፊት በኩል ያለው ነፋስ አይጣል ነው።