እርማት፦ ኮምፒውተር የተማረ ሥራ አያጣም?

«አሜሪካ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሥራ አያጣም፤ ፍልስፍና ያጠና ግን ቤት ይቀመጣል» ብለሃል፣ ወንድሜ። ልክ አይደለም። ልጆች በዚህ ፍርሃት ሲገፉ ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ያወጣውን የእ.ኤ.አ. 2023 አሃዝ እንይ። ከ22 እስከ 27 ዓመት ባሉ ተመራቂዎች መካከል ሥራ አጥነት በኮምፒውተር ሳይንስ 6.1 በመቶ፣ በኮምፒውተር ምህንድስና ደግሞ 7.5 በመቶ ነበር። በፍልስፍናስ? 3.2 በመቶ ብቻ።

ፍልስፍና ይሻላል እያልኩ ግን አይደለም። በዚያው ዓመት ፍልስፍና ካጠኑት ከአሥሩ አራት ያህሉ ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ነበሩ። ሥራ ማግኘትና በተማሩበት መሥራት ይለያያሉ፤ አንተ ሁለቱን ደባልቀሃቸዋል። ስለ ደመወዝ ብታወራ ኖሮ እስማማ ነበር፤ የኮምፒውተር ምህንድስና ጀማሪዎች መካከለኛ ክፍያ በዓመት 80,000 ዶላር ነበር።