ከሌላ አገር ሟቾች ጀርባ አንደበቅ

ወገኖቼ፣ በአገራችን አንድ ሰው በፖሊስ ጥይት መውደቁ በተሰማ ቁጥር ከአፋችን የሚወጣው ነገር ከሁለት አንዱ ሆኗል። ሟቹን የእኛ ወገን ነው ካልን የተኳሹን ዘር መቁጠር እንጀምራለን፤ ሟቹ የእኛ አይደለም ካልን ደግሞ «አሜሪካ ውስጥም ፖሊስ ይገድል የለም ወይ?» ብለን ወሬውን እንዘጋዋለን። ስለ መጀመሪያው ነውር ብዙ ተብሏል። እኔ ልገሥጻችሁ የተነሣሁት ስለ ሁለተኛው ነው፤ ዕውቀት መስሎ ይቀርባልና፣ ተምረናል የምንለው ሰዎች እናዘወትረዋለንና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁን ቀብሮ የተመለሰ አባት «ለምን?» ብሎ እንዳይጠይቅ አፉን ያስይዘዋልና።

አገርን ከአገር ማወዳደር ክፉ ነገር አይደለም፤ ክፉው ጀምሮ መሀል ላይ መተው ነው። አሜሪካን የጠራ ሰው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሊናገር ይገባዋል። ከ330 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት በዚያች አገር ፖሊስ በየዓመቱ አንድ ሺህ ያህል ሰው ተኩሶ ይገድላል፤ ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ሦስት ሰው ማለት ነው። በሀብቷና በሕጓ ለምትኮራ አገር ይህ አሳፋሪ ቁጥር ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ማን ነገረን? እ.ኤ.አ. በ2014 ፈርጉሰን በተባለች ትንሽ ከተማ አንድ ወጣት በፖሊስ ተተኩሶ ተገድሎ አገሪቱ በተቃውሞ ስትናወጥ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በዓመት ስንት ሰው በፖሊስ እንደሚሞት የተሟላ መዝገብ እንዳልነበረው ታወቀ። ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስ ተቋማት ባሉበት አገር እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኞች ከ2015 ጀምሮ የየከተማውን ዜናና የየፖሊስ ጣቢያውን መግለጫ እየለቀሙ ሟቾቹን አንድ በአንድ መዘገቡ። የአገሪቱ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ የራሱን መዝገብ የከፈተው በ2019 ሲሆን፣ እሱም ቢሆን የፖሊስ ተቋማቱ በፈቃዳቸው የሚሞሉት ነው። እንግዲህ «እነሱም ይገድላሉ» ብላችሁ የምትጠቅሱት ቁጥር አንድ ሕዝብ «ሟቾቻችን ይቆጠሩ» ብሎ ስለ ጮኸ የተገኘ ነው። እነሱ ዝም አንልም ብለው ያወጡትን ቁጥር ለራሳችን ዝምታ ምክንያት ማድረጋችን እጅግ ያሳዝነኛል።

ደግሞስ ከዓለም ሁሉ መርጠን አሜሪካን ብቻ የምንጠራው ለምንድን ነው? 83 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ጀርመን ፖሊሶቿን ሽጉጥ አስታጥቃ ነው የምታሰማራው፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት በፖሊስ ጥይት የሚሞተው ሰው በዓመት ከአሥር እምብዛም ሳይርቅ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሃያ በላይ በመሆኑም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። በእንግሊዝና በዌልስ አብዛኛው ፖሊስ የጦር መሣሪያ አይዝም፤ በፖሊስ ተተኩሶ የሚሞተውም ሰው በአብዛኛው ዓመት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው። የኖርዌይ ፖሊስ ለብዙ ዓመታት በተለመደው ጊዜ ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ቆልፎ ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ ለሥራውም ሦስት ዓመት በፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይማራል። የጀርመኑም ሥልጠና ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል፤ በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ግን መሠረታዊው ሥልጠና በወራት የሚያልቅ ነው። አይስላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 ሪፐብሊክ ከሆነች ጀምሮ ፖሊሷ ሰው ተኩሶ የገደለው ለመጀመሪያ ጊዜ በታኅሣሥ 2013 ነበር። ሟቹ ራሱ በፖሊሶች ላይ ሲተኩስ የነበረ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ የፖሊስ አዛዡ ሕዝብ ፊት ቀርበው ማዘናቸውን ገለጹ።

እነዚህ አገሮች ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. የለንደን ፖሊሶች አንድ ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛን አጥፍቶ ጠፊ መስሏቸው በምድር ውስጥ ባቡር ላይ ራሱን ደጋግመው ተኩሰው ገደሉት። ሰውየው ምንም ያላጠፋ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ አለባበሱና ስለ ሁኔታው የተነገረው ነገር ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ ከተኳሾቹም አንድ እንኳ በወንጀል አልተፈረደበትም። ቤተሰቡ ይህን እስከ ዛሬ እንደ ግፍ ያየዋል፤ እኔም ልክ ነው እላለሁ። ነገር ግን የለንደን ፖሊስ እንደ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 በዳኞች ፊት ቆሞ የሕዝብን ደኅንነት ባለመጠበቅ ጥፋተኛ ተብሎ 175,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። ጥያቄው ቃታ የሳበውን ሰው አልፎ ትእዛዙን ወደ ሰጡት፣ ክትትሉን ወደ መሩት፣ መረጃውን ወዳዛቡት ሄዷል።

ለእኛ ከቁጥሩ ይበልጥ የሚጠቅመን ይህ ይመስለኛል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995፣ የብሪታንያ ወታደሮች ጂብራልታር ላይ የገደሏቸውን ሦስት የአየርላንድ ታጣቂዎች ጉዳይ ሲመረምር፣ ወታደሮቹ ራሳቸው አደጋ አለ ብለው ማመናቸውን ተቀብሏል። ያም ሆኖ ዘመቻው የታቀደበትና የተመራበት መንገድ መግደልን የማይቀር ስላደረገው የብሪታንያ መንግሥት የሕይወትን መብት ጥሷል ብሎ ፈረደ። የሞቱት ቦምብ ለማፈንዳት ያሤሩ ሰዎች ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጥያቄውን አልዘለለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1985 በሰው ሕይወት ላይ አደጋ የማያደርስ ተጠርጣሪ ስለ ሸሸ ብቻ ተኩሶ መግደልን ከልክሏል፤ በ1989 ግን የፖሊሱ ድርጊት የሚመዘነው በዚያች ቅጽበት ቦታው ላይ የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ በሚያይበት ዓይን ነው አለ። አውሮፓ «ፍጹም አስፈላጊ ነበርን?» ብላ ወደ ኋላ እስከ ዕቅዱ ድረስ ትመረምራለች፤ አሜሪካ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ቅጽበቷን ስታይ ኖራለች። የሟቾቹ ቁጥር ልዩነት ከዚህ ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ በአሜሪካ በሕዝቡ እጅ ያለው ጠመንጃ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣልና ፖሊሱም በየመኪናው መስኮት ሞትን እየጠበቀ ነው የሚቀርበው። ሆኖም ሕጉ ምን እንደሚጠይቅ አዛዡ አስቀድሞ ምን እንደሚያስብ ይወስናል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ፣ ሕዝቡ ተደናግጦ ሲሸሽ ገደል ገብቶና ተረጋግጦ አለቀ። መንግሥት ራሱ ከ50 በላይ ሰው መሞቱን አምኗል፤ ሌሎች ከዚያ እጅግ የበዛ ቁጥር ሰጥተዋል። ያን ጊዜ ስንከራከር የሰነበትነው ጥይት ተተኩሷል ወይስ አልተተኮሰም በሚለው ነበር። ገደል አፍ ላይ በቆመ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ላይ ጭስ እንዲተኮስ ማን አቀደ፣ ማን አዘዘ፣ መውጫውስ በየት በኩል ነበር ብሎ የጠየቀው ስንቱ ነው?

መቁጠር አንችልም እንዳትሉኝ፤ ስንፈልግ እንችላለን። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት በተፈጸመው ግድያ ላይ ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጥሮ አስቀምጧል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2009 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት በኦሮሚያ፣ በአማራና በደቡብ 669 ሰዎች፣ የጸጥታ አባላትን ጨምሮ፣ መሞታቸውን ገልጿል። ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሞቱትንም ይኸው ኮሚሽን 123 ብሎ ቆጥሮ፣ 76ቱ በጸጥታ ኃይሎች የተገደሉ መሆናቸውን ለይቶ ተናግሯል፤ ከእነሱም መካከል በራሳቸው፣ በደረታቸውና በጀርባቸው የተመቱ፣ በደጃቸው ቆመው ሲመለከቱ የነበሩ፣ ሊገላግሉ የወጡ ሽማግሌዎች እንደ ነበሩ ጽፏል።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ግን ምን አደረግንበት? የ1997ቱ አጣሪ ጉባኤ ሰብሳቢና ምክትላቸው ከአባላቱ አብዛኞቹ «የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው» ብለው ድምፅ ከሰጡ በኋላ ማስረጃውን ይዘው ተሰደዱ፤ ምክር ቤቱ የሰማው ግን እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር የሚለውን ነው። ተኩስ ያዘዘ ባለሥልጣን በዚያ ምክንያት ፍርድ ቤት ሲቆም አላየንም። የ2009ኙን ቁጥር ከፊሎቻችን የኦሮሞው፣ ከፊሎቻችን የአማራው እያልን ተካፈልነው። ከ2012ቱ ሪፖርት ደግሞ እያንዳንዱ ጎራ የሚስማማውን ቁጥር መርጦ ሌላውን ጣለ፤ መንጋ የገደላቸውን የሚያነሣ ፖሊስ የገደላቸውን አያነሣም፣ ፖሊስ የገደላቸውን የሚያነሣ መንጋ የገደላቸውን አያነሣም። ይህን ያደረገው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ እኛ ነን።

እነዚህም የተቆጠሩት ብዙ ሆነው በአንድ ሰሞን ስለ ሞቱ ነው። ብቻውን ኬላ ላይ፣ ብቻውን በሰፈሩ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ጣቢያ ውስጥ የሞተው ሰው በየትኛው መዝገብ ይገኛል? «ሊያመልጥ ሲል እርምጃ ተወሰደበት» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ምን ይቀራል? የጥንቱ የአገር ሰው በወሰኑ ውስጥ ሬሳ ከተገኘ አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ ሥራውን ፈትቶ፣ ነገሩ እስኪጣራ ይሰበሰብ ነበር። ጉድለት የነበረበት ሥርዓት ቢሆንም፣ ገዳዩ ማንም ይሁን ሟቹ ማንም፣ ደም ሳይጠየቅ አይቅር የሚል ሕዝብ ነበርን።

«ድኻ አገር ነን፣ ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው» የሚልም አለ። ደቡብ አፍሪካ ማሪካና ላይ ፖሊስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 2012 በአንድ ቀን 34 የማዕድን ሠራተኞችን በገደለ ጊዜ፣ አጣሪ ኮሚሽን ተሰይሞ አዛዦቹን በአደባባይ አስመስክሯል፤ ከፖሊስ ውጭ የሆነ የምርመራ ተቋምም በፖሊስ እርምጃ የሞተውን ሰው ብዛት በየዓመቱ ያወጣል። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2011 የፖሊስን ሥራ የሚቆጣጠር ነፃ ባለሥልጣን በሕግ አቋቁማለች። በሁለቱም አገር ፖሊስ አሁንም ይገድላል፤ የተፈረደባቸውም ጥቂት ናቸው። የሚጠየቅ ቢሮ፣ የሚጠቀስ ቁጥርና የሚከራከር ጠበቃ ግን አለ።

ቁጥር ብቻውን እንደማያድንም ብራዚልን ተመልከቱ። 200 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት በዚያች አገር ፖሊስ በዓመት ከስድስት ሺህ በላይ ሰው ይገድላል፤ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር የአሜሪካን አሥር እጥፍ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በአንድ ዘመቻ ከ120 በላይ ሰዎች፣ ከእነሱም አራት ፖሊሶች ሞቱ፤ ብዙው የከተማዋ ነዋሪ ግን ዘመቻውን ደገፈ። የወንጀል ምሬት ሕዝብን እንዲህ ያደርገዋል። ፖሊሶቻችን የታጠቀ ሰው እንደሚገጥማቸው፣ እነሱም እንደሚሞቱ አውቃለሁ፤ ስማቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ይመዝገብ። ነገር ግን ሌባ ነበር፣ ሸፍቶ ነበር፣ የእነ እገሌ ደጋፊ ነበር እያልን በሞተ ሰው ላይ የምናጨበጭብ ከሆነ የትኛውም ተቋም ቢቋቋም ባዶ ቤት ይሆናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በእስራኤል ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ተኩሶ ሲገድል፣ ወገኖቹ መንገድ ዘግተው ሲጮኹ እኛም ከዚህ አብረን ጮኸናል። ማን አዘዘ፣ ማን ይመረምራል፣ ምርመራውን ፖሊስ ራሱ ይይዘዋል ወይ ብለናል። ትክክለኛ ጥያቄዎች ነበሩ፤ እነዚያኑ ጥያቄዎች ስለ ሐዋሳው፣ ስለ ደሴው፣ ስለ ነቀምቴው፣ ስለ ጅግጅጋው ሟች አንድም ሳትቀንሱ ጠይቁ።

የምትጠይቁትም ከሕግ ውጭ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 15 የእያንዳንዱን ሰው የመኖር መብት አውጇል። እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የኃይል አጠቃቀም መርሖዎችም ሆን ብሎ መግደል የሚፈቀደው ሕይወትን ለማዳን ሌላ ምንም አማራጭ ሲጠፋ ብቻ መሆኑን፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሲደርስም ዝርዝር ሪፖርት መቅረብ እንዳለበት ይናገራሉ። የፌዴራል ፖሊስም ሆነ የየክልሉ ፖሊስ በየዓመቱ ስንት ጊዜ ሰው ላይ እንደተኮሰ፣ ስንቱ እንደ ሞተና እንደ ቆሰለ፣ ከፖሊሶቹስ ስንቱ እንደ ወደቀ፣ እያንዳንዱን ማን እንደ መረመረውና መዝገቡ የት እንደ ደረሰ በጽሑፍ ለሕዝብ ያውጣ። ለምክር ቤቶች የሥራ ሪፖርት ሲቀርብ ይህ ቁጥር እንዲጠየቅ ለመረጣችሁት ተወካይ ንገሩት፤ ደብዳቤ ጻፉለት፣ ወደ አካባቢው ሲመጣ ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ ጠይቁት፣ ተመልሶ «ምረጡኝ» ሲላችሁም ጠይቆ እንደሆነና ምን መልስ እንዳገኘ በቅድሚያ አስረዱን በሉት።