እርማት፦ «መሃል ላይ መድሃኒት ቀየሩ» ማለት አጭበረበሩ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «እንግሊዞቹ የኮቪድ ጥናቱን መሃል ላይ መድሃኒት እየቀያየሩ ስለሰሩት ውጤቱ የተጭበረበረ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ሪከቨሪ የሚባለው ይሄው ጥናት በፈረንጆቹ 2020 ሲጀመርም አሰራሩ እንደዛ ነው የታሰበው፣ ያልሰራው ይወጣል ሌላ ይገባል፣ ሆስፒታል የተኛው ታማሚ የቱ እንደሚደርሰው ግን ኮምፒውተር ነው በዕጣ የሚመድበው፣ ዶክተሩ አይመርጥም። መሃል ላይ ውጤቱን እያየ የሚከታተለው ደግሞ ገለልተኛ ኮሚቴ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው የወባ መድሃኒት እንደዛ ነው የወጣው፣ በ28 ቀን ውስጥ ከተሰጣቸው 27% ካልተሰጣቸው 25% ሞቱ፣ ታዲያ ምኑን ይቀጥሉት?

ዴክሳሜታዞን (ዴክሳ) የሚባለው መድሃኒት ግን ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ለነበሩት 41% የነበረውን ሞት ወደ 29% አወረደው፣ ኦክስጅን ላይ ለነበሩትም በመጠኑ ጠቅሟል። ኦክስጅን ላላስፈለገው ሰው ግን ምንም ጥቅም አላሳየም፣ እቺን ነው ሰው ሁሉ የሚዘላት። እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አንድ ጎረቤታችን ጉንፋን ቢጤ ሲይዘው «የኮቪድ መድሃኒት ነው» ብሎ ዴክሳ ገዝቶ በቡና ሲያወራርድ በአይኔ አይቻለሁ፣ ያውም ስኳር ያለበት ሰውዬ! ዴክሳ ስኳር ከፍ እንደሚያደርግ የነገረው የለም።