እርማት፦ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር አያስመርጥም

ወንድሜ፣ «ንጉሡ ባይወርዱ ኖሮ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደሴ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ትመርጥ ነበር» ብለሃል። አትመርጥም! ደሴዎች ድምፅ የሚሰጡት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ብቻ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ፓርቲ ስላልነበረ እያንዳንዱ እንደራሴ ለብቻው ተወዳድሮ ይገባል፤ ታዲያ መንግሥት የሚመሠርት አብላጫ ከየት ይምጣ? ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ እንኳ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲያጩ የተፈቀደላቸው በ1958 ነው።

ታሪኩን መቀየር ከፈለግህ ከ1966ቱ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ጀምር። እሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤቱ ተጠሪ ያደርግ ነበር፤ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ሲወርዱ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። በዚያም ቢሆን የደሴ መራጭ በቀጥታ የሚመርጠው እንደራሴውን ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚቆመው በእንደራሴዎቹ ድምፅ ነው።