ሁለቱን በአንድ ባልዲ አትበጥብጡ

ወገኖቼ፣ የፈንገሱንና የተባዩን መድኃኒት በአንድ ባልዲ ስለምትበጠብጡ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የሚከፋው ካለ ይከፋ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ይስማኝ።

የመስቀል ሰሞን አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ኑጉ አብቧል፣ አደዩም አለ፤ አገሩ ቢጫ በቢጫ ሆኗል። ለንብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ማለዳ ቀፎዎቹ ሥር ስቆም ግን መሬቱ ላይ ንቦች ይንፈራገጣሉ። አንዷ በጀርባዋ ተንጋላ እንደ እንዝርት ትሾራለች። ምላሷ ወጥቶ ቀርቷል። ሌሎቹ የአበባውን ዱቄት በእግራቸው እንደተሸከሙ ደርቀዋል። አጎቴ በመጥረጊያ ሰብስቦ በቁና አፈሳቸው። «ትናንት ስንዴ ተረጭቷል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔን ያበገነኝ ያ ዝምታው ነው።

የረጨውን ልጅ አገኘሁት። የጎረቤት ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው።

«ምንድን ነው የረጨኸው?»

«የዋጉንና የክሽክሹን መድኃኒት፣ አንድ ላይ።» ዋግ የስንዴ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ክሽክሽ ደግሞ የእህሉን ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ።

«ለምን አንድ ላይ?»

«ሁለቴ ከምመላለስ ብዬ ነዋ ጋሼ። ውሃው ከወንዝ በሸክም ነው የሚመጣው። ሻጩም ይስማማል ብሎኛል።»

መለኪያው የጠርሙሱ ክዳን ነው። ማማሰያው ከአጥር የተነቀለ እንጨት።

እስቲ ይቺን «ይስማማል» የምትባል ቃል እንያት። ሻጩ ይስማማል ሲል ባልዲው ውስጥ አይረጋም፣ አይዘቅጥም፣ የመርጫውን አፍ አይደፍንም ማለቱ ነው። ንብ ሆድ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እሱንም የነገረው የለም።

ጠርሙሶቹን አንስቼ ደቃቁን ጽሑፍ አነበብኩ። የዋጉ ፕሮፒኮናዞል ነው። የክሽክሹ ላምዳ ሳይሃሎትሪን። ሁለተኛው ብቻውንም ለንብ ክፉ ነው፤ አልዋሽም። የመጀመሪያው ግን ፈንገስ እንጂ ንብ አይገድልም እየተባለ የሚሸጥ ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ንብ ትንሽ መርዝ ቢነካት ሰውነቷ ውስጥ መርዙን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሏት። ፕሮፒኮናዞልና ዘመዶቹ እነዚህን ኢንዛይሞች ያስሯቸዋል። ዘበኛውን አስሮ ሌባውን እንደማስገባት ነው። የነዚህ የሁለቱ መደጋገፍ ደግሞ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነው፤ አዲስ ወሬ አይደለም።

የባሰም አለ። አሴታሚፕሪድ የሚባለው ከሌሎቹ አንጻር ለንብ ይራራል የሚባል ፀረ ተባይ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የላብራቶሪ ጥናት ከፕሮፒኮናዞል ጋር ሲሆን በንብ ላይ ያለው መርዛማነት ከ100 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። መቶ እጥፍ! በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኔቸር መጽሔት ላይ 90 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጣ። የእርሻ ኬሚካሎች ሲደባለቁ የሚሞተው ንብ፣ የየብቻቸው ጉዳት ተደምሮ ከሚጠበቀው በላይ ነው አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን አይደል? መርዝም ሲያብር እንዲሁ ነው።

እና እናንተ በክዳን እየለካችሁ የምትበጠብጡት ምንድን ነው? ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠንና ማስጠንቀቂያ ለዚያ ለአንዱ መድኃኒት የተጻፈ ነው። አገራችንም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አላት። የሚመዘገበው የየጠርሙሱ መድኃኒት ነው። ባልዲያችሁ ውስጥ የተወለደውን ሦስተኛውን ማን መዘገበው?

«ንቡ የአጎትህ፣ እህሉ የእኔ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኑግ ትዘራላችሁ? ኑግ በገዛ ራሱ የአበባ ዱቄት ብዙም ፍሬ አይዝም። ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ይፈልጋል፣ አምጪዋ ንብ ናት። አበባው ደምቆ ፍሬው ባዶ የሆነ ዓመት ዝናቡን ከማማታችሁ በፊት ማን ምን እንደረጨ ጠይቁ። ባቄላውም ንብ ሲጎበኘው የተሻለ ይይዛል። ያቺን ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ ደግሞ ታውቋታላችሁ። ክሽክሽ በሊታ ናት፣ ያለ ደሞዝ የምትሠራ ሠራተኛ። እሷም ከድብልቁ ጋር ትሄዳለች። ክሽክሹ ቶሎ ይራባል፣ እሷ ግን ቀስ ብላ ነው የምትመለሰው። ከዚያ «መድኃኒቱ ደከመ» ብላችሁ ሦስተኛ ጠርሙስ ትጨምራላችሁ። የሚያተርፈው ሻጩ ብቻ ነው።

ሻጭ ሆይ፣ አንተም አትደበቅ። «አንድ ላይ ምታው፣ ይገላግልሃል» የምትለው አንተ ነህ። የግብርና ባለሙያውም ቢሆን ማዳበሪያ ሲከፋፈል ይታያል፣ በርጭት ቀን የት እንዳለ እንጃ። እኛ ከተሜዎቹስ? ነጥብ ያለበትን ቲማቲም እየገፋን፣ በዓል ሲደርስ ማር ተወደደ ብለን እናማርራለን። ማር በማምረት ከአፍሪካ አንደኛ ነን ብሎ መኩራትማ ቀላል ነው።

አትርጩ አላልኩም። ዋግ ስንዴን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፣ በ2002/03 መኸር አይተነዋል። ግን የፈንገሱንና የተባዩን በአንድ ባልዲ አታድርጉ፣ በቀናት አራርቁት። ማሳው ውስጥ መች የሚባለው አረም አብቦ ከሆነ መጀመሪያ አርሙት፤ ንቧ ስንዴው ውስጥ የምትገባው እሱን ብላ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ንብ ቀፎ ስትገባ እርጩ። ከመርጨታችሁ በፊትም ባለ ቀፎውን ጎረቤት ንገሩት። አንድ ጩኸት ነው፣ ወጪ የለውም።

ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ቀና አለና «እሺ ጋሼ፣ የሁለተኛውን ቀን ውሃ ማን ይሸከምልኛል?» አለ።

እኔ መልስ አልነበረኝም። አጎቴ ቁናውን አስቀመጠና «አህያዬን ውሰድ» አለው።