የእንዶድ ውለታ በሳይቴሽን አይቆጠርም

ሰሞኑን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ መምህራን የደረጃ ዕድገት በተካሄደ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። መድረኩን የመሩት ኃላፊ የተመራማሪ ተፅዕኖ ከእንግዲህ በሳይቴሽን ብዛት እንደሚለካ አስረዱ። ሌሎች ምን ያህል ጠቀሱህ? የትኛው ጆርናል ላይ ወጣህ? ነጥብህ ይኸው ነው። እሱን ችዬ ዝም ብዬ ነበር። አንድ ወጣት መምህር ተነስቶ "እንደ እንዶድ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ያለ ሰው በዚህ መስፈርት ስንት ያገኛል?" ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። "እንዶድ እኮ ወረቀት ላይ ነው የቀረው። የቢልሃርዚያ በሽታ አሁንም አለ። ታዲያ ተፅዕኖው የቱ ላይ ነው?"

የቱ ላይ እንደሆነ ልንገራቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ዓድዋ ወንዝ ዳር ስለ ቀንድ አውጣ ያጠኑ ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚራባው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። ስንቱ ሰው አይቶ አልፎት ይሆን? እሳቸው አላለፉም። ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ቀንሳ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ እንድትጨምር ጠየቋት። ብዙም ሳይቆይ ሞቱ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ነጠላና ጋቢ የሚያነጡበት ፍሬ የበሽታውን መንገድ እንደሚዘጋ የታወቀው እንዲህ ነው።

"ወረቀት ላይ ቀረ" ለሚለው ደግሞ ዓድዋ ምስክር ናት። ከ1969 እስከ 1974 የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። በአምስት ዓመት ውስጥ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህ ወረቀት ነው? እነዚያ ልጆች ጉበትና አንጀት ነበራቸው፤ እናትም ነበራቸው።

እና ከዚያ በኋላ ለምን አልተስፋፋም? ኃላፊው መጠየቅ የነበረባቸው ይህንን ነበር፤ አልጠየቁም። እንዶድ ያልተስፋፋው ስላልሠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጥርጣሬውን ሳይተው ዓመታት አለፉ። የመርዛማነቱ ጥናት በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ላቦራቶሪ ይደገም ተባለ። እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ያኔ አገራችን ውስጥ ከየት ይምጣ? ገንዘቡንስ ማን ይስጥ? ገበሬ አጥሩ ሥር የሚያበቅለውን ፍሬ የትኛው የመድኃኒት ኩባንያ ሊደግፍ ይመጣል? ገበያው ላይ ከውጭ የሚመጣ፣ በዶላር የሚገዛ የቀንድ አውጣ መግደያ ኬሚካል ነበር። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ ነገሩን አልሸፋፈኑትም። ችግሩ የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ከእኛ በኩል ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብሎ ለማመን የሚቸገሩ ሰዎች ንቀት ጭምር መሆኑን ተናግረዋል። የናቁት ሰዎች ስህተት እንዴት በተናቀው ሰው ላይ ይጻፋል? ሰውየው በሩ እስኪከፈት ዕድሜውን ሙሉ አንኳኳ። ዛሬ እኛ መጥተን "ለምን አልገባህም?" እንለዋለን። ይህ ግፍ ነው።

የሚገርመው፣ እንዶድን ለመቀበል ያን ያህል ያመነታው ዓለም የራሱ ችግር ሲመጣ አላመነታም። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቱቦ የሚደፍን ባዕድ የዛጎል ዝርያ ሲወርራቸው፣ እንዶድ ይሞከር ያሉት እኚሁ ዶክተር አክሊሉ ናቸው። ተሞከረ፤ ሠራ። የአሜሪካው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈጠራ መብቱን በስሙ አስመዘገበ።

እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ይህን አልክድም። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ ክኒን አለ፤ ይሰጥ። ነገር ግን ክኒኑ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል እንጂ ወንዝ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ አይነካም። ልጁ ክኒኑን ውጦ በነጋታው እዚያው ወንዝ ገብቶ ይዋኛል። የመስኖ ቦይ በተቆፈረበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ የእንዶድ ጉዳይ ገና አልተዘጋም።

ሳይቴሽን የሚከተለው ገንዘብን ነው። ሀብታም አገር የሚፈራው በሽታ ይጠናል፣ ይጠቀሳል፤ ባዶ እግሩን ወንዝ የሚሻገር ልጅ የሚይዘው በሽታ ግን ጠቃሽ የለውም። ያቺ የዓድዋ ልብስ አጣቢ ጆርናል ላይ አትጽፍም። በ1966 ዶክተር አክሊሉ የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ያፈራቸው ተመራማሪዎችስ በየትኛው ሠንጠረዥ ነው የሚደመሩት?

የደረጃ ዕድገቱ መመሪያ ገና ረቂቅ ነው ተብሏል። እንግዲያው ከመጽደቁ በፊት አንድ ጥያቄ ይግባበት፦ የዚህ ሰው ሥራ የትኛው ወንዝ ዳር፣ የትኛው ቀበሌ ደረሰ? ያ ወጣት መምህርም ተገቢ መልስ ይሰጠው። ያን ዕለት አንገቱን ደፍቶ ነው የተቀመጠው።