አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሽኝት አዳራሽ አይደለችም

«አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ትጸልይ፣ ትስጥ፤ ማዘጋጀቱን ግን ለባለሙያ ትተው።» ይህን የተናገሩት በቅርቡ በተካሄደ የሚስዮን አገልጋዮች ጉባኤ ላይ መድረኩን የያዙ አንድ አንጋፋ አገልጋይ ናቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ከሰዓት በኋላ ንግግሩ ውሳኔ ሆኖ ወጣ፦ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱ እጩዎች ከእንግዲህ በማሠልጠኛ ተቋም የሦስት ወር ኮርስ ይዘጋጃሉ፤ ከአጥቢያ የሚጠበቀው አንድ የድጋፍ ቅጽና በየወሩ የሚላክ ገንዘብ ብቻ ነው። እኔ አላጨበጨብኩም። የተናገሩትን ሰው አከብራቸዋለሁ፤ ንግግራቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ያንገበገበኝ በተለይ የቅጹ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ቅጽ እጄ ላይ ገብቶ ነበር። «አመልካቹን ለምን ያህል ጊዜ ያውቁታል?» ይላል። «በግጭት ጊዜ ምን ዓይነት ጠባይ ያሳያል? ገንዘብ አያያዙስ?» ወጣቱን የማውቀው ከመዘምራን መካከል ቆሞ ሲዘምር ነው። ቤቱን አላውቅም። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ አብረን ማዕድ አልቆረስንም። አምልኮው ሊጀመር ደቂቃዎች ቀርተውታል፣ እርሱም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «እጅግ መልካም» በሚለው ሳጥን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ምልክት አደረግሁ፤ ፈረምሁ፤ ማኅተም አሳረፍሁበት። በሚቀጥለው እሑድ እጅ ጭነን ሸኘነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ። ከባልደረቦቹ ጋር ተጣልቶ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ለወራት ሳይነጋገሩ ከርመው ነበር። ቋንቋውን በሚገባ ተምሯል፤ ማሠልጠኛውም ጥሩ ውጤት ሰጥቶታል። ይቅርታ መጠየቅ ግን አያውቅም ነበር። ይህን አስቀድመን ልናይ የምንችለው አብረነው የኖርነው እኛ ነበርን፤ አላየንም። ያ ፊርማዬ የሐሰት ምስክርነት ነበር፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ጉባኤው ያደረገው ይህንኑ ስሕተት አንሥቶ ደንብ ማድረግ ነው።

ለውሳኔው የቀረበው ምክንያት ደግሞ ይባስ አስገራሚ ነው። «ምእመናን ሙያው የላቸውም» ተባለ። የትኛው ሙያ? ከማይስማማህ ወንድም ጋር ዓመት ሙሉ አብሮ የማገልገል ሙያ? በሽማግሌዎች ፊት ተገሥጾ ሳያኮርፉ በማግሥቱ ለሥራ የመምጣት ሙያ? ማንም በማያይበት ሰዓት በሽተኛ የመጠየቅ፣ ሕፃናትን በትዕግሥት የማስተማር፣ የሙዳየ ምጽዋቱን ሒሳብ ሳንቲም ሳያጎድሉ የማስረከብ ሙያ? ይህ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ሰሌዳ ላይ ይሰጣል? ሚስዮናውያንን ከመስክ የሚያስመልሳቸው የሰዋስው ጉድለት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ።

ተቋማትን አልጠላም። የቋንቋ ትምህርት፣ የቪዛ ሕግ፣ የጤና ጥንቃቄ፣ የሚሄዱበት ሕዝብ ታሪክና ሃይማኖት፣ ይህን ሁሉ እነርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ፤ ያስተምሩ። ከዚህ አልፌ ግን አንዲት ስንዝር አልሄድም።

ወደ አንጾኪያ እንመለስ፤ ሁላችንም በየስብከቱ እንጠቅሳታለንና። እንጠቅሳታለን፣ ግን የምናነበው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ጀምረን ነው፤ ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ እጅ መጫኑ። ምዕራፍ 11ን የሚያነብ የለም። በርናባስ እስከ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ሳውልን ፈልጎ አመጣው፤ ሁለቱም በዚያች አጥቢያ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጠው ሕዝቡን አስተማሩ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎቹ ሳውልን ሲያስተምር ሰሙት፤ ሲደክመው አዩት፤ ሲከራከርም አይተውት ይሆናል። ከዚያ ደግሞ እኛ ፈጽሞ የማናስተውለው ነገር መጣ። በይሁዳ ላሉት ወንድሞች የራብ ጊዜ እርዳታ ሲዋጣ፣ ገንዘቡን ያስያዙት ለእነዚሁ ለሁለቱ ሰዎች ነው። ቤተ ክርስቲያን ወንጌል አስይዛ ወደ ቆጵሮስ ከመላኳ በፊት ገንዘብ አስይዛ ወደ ኢየሩሳሌም ልካቸዋለች! አገልግሎታቸውን ፈጽመው ተመለሱ ይላል ቃሉ። እንግዲህ መንፈስ ቅዱስ «በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ» ሲል አንጾኪያ ሁለት የማታውቃቸውን አመልካቾች አልነበረም የለየችው። በትምህርትም፣ በገንዘብም፣ በመንገድም የፈተነቻቸውን ነው። «ለዩልኝ» የተባለውም ለጉባኤው እንጂ ለሁለቱ ሰዎች ብቻ በሕልም አይደለም።

«ባህል ተሻጋሪ ሥልጠና» ለሚሉንም መልሱ እዚያው አለ። የአንጾኪያን መምህራን ስም ቁጠሩ፦ የቆጵሮሱ ሌዋዊ በርናባስ፣ ኔጌር የተባለው ስምዖን፣ የቀሬናው ሉክዮስ፣ ከሄሮድስ ጋር ያደገው ምናሔ፣ ከፈሪሳውያን ወገን የነበረው ሳውል። እነዚህ አምስት ሰዎች በአንድነት ጌታን ሲያመልኩ፣ ሲጾሙ፣ መንጋውን ሲጠብቁ ኖረዋል። ከዚህ የበለጠ ሥልጠና ከየት ይመጣል? አይሁዳዊና ግሪካዊ አብረው የሚቆርሱበት ማዕድ የነበረው በዚያች አጥቢያ ነው። ጴጥሮስ ከዚያ ማዕድ ባፈገፈገ ጊዜ ጳውሎስ ፊት ለፊት የተቃወመውም እዚያው አንጾኪያ ውስጥ ነው። ያን ቀን የተማሩትን ሦስት ወር ሊያስተምር የሚችል ተቋም ካለ ያሳዩኝ።

ሳውል የታወቀው የሕግ መምህር የገማልያል ተማሪ ነበር የሚል ይኖራል። አዎን፣ ነበር። ግን ከዚያ ትምህርት በኋላ የሄደው ወዴት ነው? ከሊቀ ካህናቱ ደብዳቤ ይዞ፣ ሊያስር፣ ወደ ደማስቆ። የዘመኑ ምርጥ ትምህርትና ምርጥ የድጋፍ ደብዳቤ ነበረው። የጎደለው የወንድሞች ኅብረት ነበር፤ ያንንም በመጀመሪያ በደማስቆው ሐናንያ እጅ፣ በኋላም በአንጾኪያ አገኘ።

ዮሐንስ ማርቆስን ደግሞ ተመልከቱት። መንፈስ ቅዱስ «ለዩልኝ» ባለበት ቃል ውስጥ ስሙ የለም፤ የበርናባስ ዘመድ ነበር፤ አብሯቸው ወጣ፤ ጴርጌን ሲደርሱ ጥሏቸው ተመለሰ። ለምን እንደ ተመለሰ ሉቃስ አልጻፈም። እኔ ግን የአንጾኪያ ጉባኤ ያልለየው ሰው ነውና አልደነቅም።

ጢሞቴዎስ ሌላ ነው። በልስጥራንና በኢቆንዮን ያሉ ወንድሞች መሰከሩለት። በሁለት ከተማ ያሉ ሰዎች! ቅጽ የሞላ ሳይሆን ልጁን ያየ፣ እናቱን ያወቀ፣ አያቱንም የሚያስታውስ ሕዝብ ነው የመሰከረለት። ጳውሎስ ከዚህ በኋላ ነው ይዞት የሄደው።

የታሪክ ክርክርም ተነሥቷል። ዘመናዊውን ተልእኮ የወለዱት ማኅበራት እንጂ አጥቢያዎች አይደሉም ተባለ፤ የዘመናዊ ተልእኮ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ዊሊያም ኬሪም በምስክርነት ተጠራ። ኬሪ ምስክር ከሆነ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1792 በእንግሊዟ ኬተሪንግ ኬሪን የላከው የባፕቲስት ሚስዮን ማኅበር ሲመሠረት እዚያች ክፍል ውስጥ የተሰበሰቡት አብዛኞቹ የአጥቢያ መጋቢዎች ነበሩ። ኬሪ ራሱ በሌስተር መንጋ ይጠብቅ ነበር፤ በ1793 ወደ ሕንድ የተነሣው ከዚያ መንጋ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ አንድሪው ፉለርም የኬተሪንግ መጋቢነቱን ሳይለቅ በ1815 እስኪሞት ድረስ አገልግሏል። ማኅበር ነበር፤ ከአጥቢያ የተፋታ ግን አልነበረም።

ከኬሪ ስድሳ ዓመት አስቀድሞ ደግሞ ሄርንሁት አለ። በጀርመን ሳክሶኒ፣ በመስፍኑ በዚንዘንዶርፍ ርስት ላይ የተጠለሉ ስደተኞች የኖሩባት መንደር ናት። ሸክላ ሠሪው ሊዮናርድ ዶበር በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው የባሮች ደሴት ወደ ሴንት ቶማስ ልሂድ ሲል ጉባኤው ወዲያው አላሰናበተውም፤ አንድ ዓመት ያህል አቆየው። በነሐሴ 1732 ከአናጺው ከዳቪድ ኒችማን ጋር ሲወጣ አንድም የሚስዮን ትምህርት ቤት አልረገጠም። የሠለጠነው አብሮ በሚጸልይ፣ አብሮ በሚሠራ፣ ኃጢአቱን እርስ በርስ በሚናዘዝ ሕዝብ መካከል ነው። እኛ ዛሬ ጥሪ አለኝ ያለንን ወጣት አንድ ዓመት ቆይ ብንለው «መንፈስን ታጠፋላችሁ» እንባላለን።

«ትስጥ» የተባለውም ቢሆን አልገባኝም። የፊልጵስዩስ ሰዎች ለጳውሎስ የላኩት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። አፍሮዲጡን ላኩት፤ ሰው፣ የራሳቸውን ወንድም፣ ታሞ ለሞት እስኪቀርብ ድረስ ያገለገለውን። እኛ ግን በባንክ ካስተላለፍን በኋላ የሚስዮናዊውን ልጆች ስም እንኳ አናውቅም። ጳውሎስና በርናባስ ከመንገዳቸው ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኒቱን ሰብስበው እግዚአብሔር ያደረገውን ሁሉ ተናገሩ፤ ከደቀ መዛሙርትም ጋር ጥቂት ያይደለ ጊዜ ተቀመጡ። የእኛዎቹ ሲመለሱ ከማስታወቂያ በኋላ አሥር ደቂቃ ይሰጣቸዋል። በአዲሱ ውሳኔ ደግሞ ሪፖርታቸው የሚደርሰው ለተቋሙ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ቅጽ መጣልኝ። አመልካቿ ወደ እኛ ከመጣች አምስት ወሯ ነው፤ ቅን ልጅ ትመስላለች፤ ጥሪዋንም አልጠራጠርም። «አመልካቿን ለምን ያህል ጊዜ ያውቋታል?» በሚለው ፊት «ገና አላውቃትም» ብዬ ጻፍሁ፤ የቀሩትን ሳጥኖች ባዶ ተውኋቸው። ከዚያ ለራሷ ደወልሁና ከባለቤቴ ጋር ቤታችን እንድትመጣ ጋበዝኋት። የእሑድ ትምህርት ክፍላችን መምህር አጥቶ ስለ ነበር ለአንድ ዓመት ትይዘው እንደ ሆነ ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና «ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝ።